የሐይቁ ዳር ሽንት ቤትና ሁለተኛ ምርጫ

ለልጅ ልጄ ለማሪት፣

ሊዝበን ድረስ ጤናና ሰላም ይከተሉሽ። የሚከተለውን ዜና ቆመሽ አንብቢ፦ እዚህ ሚኒያፖሊስ፣ በሐይቃችን ዳር ያለው ሽንት ቤት ሰኞ ዕለት ለበረዶው ወራት ተቆልፏል። እኔ በሰማንያ አንድ ዓመቴ ሐይቁን የምዞረው እሱን ተማምኜ ነበር። መቆለፉን ያወቅሁት በሩ ላይ ስደርስ ነው፤ ቢሆንም እንደ ጎረምሳ ተጣድፌ ቤቴ በደህና ገባሁ።

ደግነቱ የምርጫ ሰሞን ስለሆነ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው በራችንን ያንኳኳሉ። ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደረው ክቪስት፣ «አባባ፣ እሱ የፓርክ ቦርዱ ጉዳይ ነው» አለኝ። ለፓርክ ቦርዱ የሚወዳደረው ላንግሴት ደግሞ በማግስቱ መጥቶ፣ «ቧንቧው እኮ የከተማው ነው» አለ።

«ሽንቱስ የማን ነው?» አልኩት።

ሳቀ። ድምፅ የምንሰጠው ተወዳዳሪዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን በደረጃ ስለሆነ፣ «እሺ አባባ፣ ሁለተኛ እንኳ ያድርጉኝ» ብሎ ለመነኝ። ሚስቱንም እንዲህ ብሎ ሳይሆን አይቀርም ለጋብቻ የጠየቃት።

ለፓርክ ቦርዱ ከሚወዳደሩት ውስጥ ቤርኒስ ቦልስታድ ብቻ፣ «አላውቅም፤ ሄጄ ልየው» አለች። ሄዳም የበሩን እጀታ ነቀነቀች።

የምርጫ ወረቀትሽ በፖስታ ሲደርስሽ እሷን አንደኛ አድርጊልኝ፤ ሁለተኛና ሦስተኛውን ባዶ ተዪው። መንገድሽ ሁሉ የተከፈተ በር ይሁን፣ ልጄ።

ከጻፍኩት ውስጥ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤቴ በደህና መግባቴን። ሰኞ ዕለት የገባሁት ሱሪዬ ረጥቦ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐይቁን አልዞርኩም።

አያትሽ ኤይናር