የአባትህን መኪና ዛሬ እንዳትነዳት

አንተ እንቅልፋም፣
ዛሬ አማትህን በአባትህ አሮጌ የስፖርት መኪና ልታመጣቸው እንደሆነ አውቃለሁ።
እንዳትሞክራት።

የመሪውን ዘንግ አቃንቼ መልሼዋለሁ። እንዴት እንደተጣመመ አትጠይቀኝ። «ሳትፈታው ምልክት አድርግበት» ስትለኝ «በዓይኔ ይዤዋለሁ» አልኩህ አይደል? የዘንጉን ጥርስ በአንድ አዛንፌ ገጥሜዋለሁ። አሁን ጎማው ቀጥ ሲል መሪው ወደ ጎረቤት ያያል።

እሱስ ያስቃል እንጂ አይገድልም። ዘንጉን የሚይዘው የታችኛው ብሎን ግን ጥርሱ ተበልቶ አልጠብቅ ብሏል። ኩርባ ላይ ቢወልቅ መሪውን ታቅፈህ ትቀራለህ።

ሁለት ቀን ከሥሯ ተኝቼ ወገቤ አልቃና ብሏል፤ እንዲያም ሆኖ ብሎን ፍለጋ ወጥቻለሁ። አመልህን ስለማውቅ ቁልፏን ይዤብሃለሁ።

አማትህን በታክሲ አምጣቸው። «ጓደኛዬ አበላሽቶብኝ ነው» በላቸው።

እውነትህን ነው።