ድንኳኑ ደጅ የተነጠፈ ቁርበት

ጥር 14፣ ዓባይ በረሃ

ከጓደኛዬ ከሄኖክ ጋር ከቢቸና ወደዚህ የወረድነው ሰው በሌለበት ድንኳን ተክለን ለማደር ነበር። ለካ ከቁጥቋጦው ማዶ ጎጆ አለ። ትናንት ሲመሻሽ ባለቤቱ፣ አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ፣ መጡ።

«ቤት እያለ ሜዳ ላይ?»

«ግዴለም አባቴ፣ ወደን ነው።»

ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ተቀየሙ ብለን ስንጨነቅ ቁርበትና ጋቢያቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ድንኳኑ ደጅ አነጠፉ።

«እንግዳ ውጭ አድሮ እኔ ቤት አልተኛም።»

ብንለምናቸውም እምቢ አሉ። ጠዋት ስወጣ፣ «ልጄ፣ ቤቴን ምን አይተህበት ነው?» አሉኝ።

ሄኖክ ድንኳኑን እንንቀል ይላል። ነቅለን ቤታቸው እንግባ ወይስ እንሽሽ? እሱም አያውቅም። እሳቸው ግን ለዛሬ መኝታቸው ከቁርበቱ ሥር የሚጎዘጉዙት ሣር እያጨዱ ነው።