መፈክሩ እስኪያልቅ

ኅዳር 4፣ 1975

የሦስቱን የእጅ ሬዲዮ ባትሪ ስሞላ ዋልኩ። ነገ ለቡ ላይ የከርከሮ አደን አለ። የገበሬውን ድንች ቆፍሮ ጨረሰው አሉ። የሬዲዮ ኮርሱን አንደኛ ወጥቼ ጨረስኩ፤ ምደባው ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአባይነህ የእህት ልጅ ሄደ። ለእኔ ከርከሮ... ደክሞኛል።

ዛሬ ደግሞ ከአባይነህ አዲስ መመሪያ። ማንም በሬዲዮ ከመናገሩ በፊት መፈክር ያሰማል።

"ጓድ፣ አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር ሌላው መናገር አይችልም። አደን ላይ አጭር ነው የሚወራው።"

"ትምህርቱ በዝቶብሻል፣ ብርነሽ። ከርከሮውም ይስማና ይንቃ።"

ሁሉም ሳቁ።

ኅዳር 5

ቱሉ ተመታ።

ኅዳር 6

ትናንት መጻፍ አቃተኝ።

እኔ ጉብታው ላይ። አባይነህ ታች፣ ከተኳሾቹ ጋር። ገበሬው ቱሉ ጫካው ውስጥ፣ ከአባራሪዎቹ ጋር። በየእጃችን አንድ አንድ ሬዲዮ። ቱሉ ከርከሮውን እየተከተለ ወደ ጠመንጃዎቹ ፊት ወጣ። ቁጥቋጦ ጋርዶታል፤ የማየው እኔ ብቻ። ቁልፉን ተጫንኩ።

"አብዮታዊት እናት አገር ወይም..."

ተኩሱ ቀደመኝ። ጭኑን።

"አትተኩሱ" ማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል? በሁሉ ነገር ስከራከር ኖሬ... ትናንት ለምን ታዘዝኩ?

ኅዳር 9

አባይነህ ጠራኝ።

"እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ብለሽ ግለ ሂስ ጻፊ። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ታነቢዋለሽ።"

"አልተኛሁም።"

"አለዚያ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ላይ ማለት መቼም ይገባሻል።"

ይገባኛል። ወንድሜን ወደ ላይ ተፈለግህ ብለው ከወሰዱት አምስት ዓመቱ።

ኅዳር 10

ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ቱሉ ገርጥቷል።

"ድምፄን ሰማኸው?"

"ሰማሁት እንጂ። መፈክር ስትጀምሪ ቆምኩ። ለመፈክሩ እጄን ላነሳ ስል ነው ያገኙኝ።"

ሳቀ። ሳቁ አመመውና ተወው።

ቆሞ ነበር... እኔ ነኝ ያቆምኩት።

ኅዳር 11

አነበብኩ።

"ጥፋቴን አምናለሁ። አልተኛሁም። አትተኩሱ ከማለቴ በፊት መፈክር አስቀድሜያለሁ። ሰው ለማዳን የሚበቃውን ጊዜ በመፈክር ጨርሻለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም።"

አባይነህ ወረቀቱን ነጠቀኝ። "ቁጭ በይ።" እንዲያወግዙኝ ዞሮ ተሰብሳቢዎቹን አያቸው። እጁን ያነሳ የለም። ከኋላ የእማማ ወርቅዬ ድምፅ መጣ፤ "ጥፋቷን አምና የለም እንዴ? ሌላ ምን ትበልላችሁ?"



ታኅሣሥ 3

ከሬዲዮ አንስተውኛል። የቀበሌውን ቢሮ እጠርጋለሁ። ወደ ላይ እስካሁን አልተጠራሁም። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን መጡ እላለሁ።

ዛሬ ደግሞ አደን ወጥተዋል። የቱሉ ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ ክፍቱን ቀርቷል። እየጠረግሁ ሳለ ተንኮሻኮሸ። የአባይነህ ድምፅ።

"አትተኩሱ። ሰው አለ።"

ይኸው ነው። ከፊቱም ከኋላውም ምንም የለም።

መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅሁ። ተኩስ አልሰማሁም። ከዚያ የቀረውን ጠረግሁ።