«ይፈቀድ» የምትለውን ቁልፍ ስለሚጫነው ክቡር ጣት

ለክቡር አቶ ሰይፈ ሚካኤል
የድርጅታችን የሰው ኃይል ኃላፊ
መቱ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የስብሰባው ወንበርስ ወገብዎን አልጎዳም? ይህንኑ በአማርኛም በኦሮምኛም ጠይቄዎት ነበር፤ በሁለቱም መልስ ስላላገኘሁ ይኸው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እጠይቃለሁ።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያዎ ሙከሚል፣ ለሠላሳ ስምንት ሥራ ፈላጊዎች የፈተና ጥሪ ከእርስዎ ኢሜይል በየስማቸው እንዲልክ የኢሜይል ፕሮግራሙን በኮድ አዝዤው እንደነበር ያስታውሳሉ። ፕሮግራሙ ግን በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ እየቆመ «በስምዎ ሊላክ ነው፤ ይፈቀድ?» ይላል፤ ቁልፏንም ሰው እንጂ ኮድ ሊጫናት አይችልም። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት አቤት እላለሁ።

፩ኛ፦ ይህን ጥያቄ የሚያስቀር ፈቃድ ብለምንዎት፣ «ይፈቀድ» ማለት ፊርማ ነው፣ ፊርማ ደግሞ አይወከልም ብለው በቁጥርና በማህተም ከለከሉኝ። አንዲት ቁልፍ መጫን ማዕረግ መሆኑን አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ሃያ ስድስቱን ፈቅደው ለሻይ እንደተነሡ፣ በዚያው ለአምስት ቀን ስብሰባ ጎሬ ወጡ፤ ስልክዎም ተዘጋ። አሥራ ሁለቱ ደብዳቤዎች ጣትዎን ሲጠብቁ ሰንብተው የፈተናው ቀን አለፈ። እኔ ልጫናት ብል ፊርማ አስመሳይ እባላለሁ፤ በስልክ ልጥራቸው ብል ያልተፈረመ ጥሪ አይጸናም የሚለው መመሪያዎ አለ። ያሳፍራል፣ ግን ፈራሁ።

፫ኛ፦ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ጊፍቲ ጅራታ ናት። ሥራ መፈለግ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቤቷም እዚያው ጎሬ፣ እርስዎ ከተሰበሰቡበት አዳራሽ ሁለት ቤት አልፎ ነው። ፈተናው በተሰጠ ማግስት በሚኒባስ መጥታ «ቀኑ መቼ ነው?» ስትለኝ ምን ልበላት? «ትናንት አለፈ» ልበላት፣ ክቡር ሆይ? ለእርሷና ለአሥራ አንዱ ፈተናው ይሰጣቸው፤ ሌላ የምለምነው የለኝም።

ለጣትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመገጣጠሚያውም ብርታትን እየተመኘሁ፣ ቁልፏን ከሩቅ እጅ የምነሣ ታዛዥዎ፣
ሙከሚል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጊፍቲ ከፈተናው ሁለት ቀን ቀደም ብላ ቀኑን በኢሜይል ጠይቃዎት ነበር። በስምዎም ወዲያው መልስ ደርሷታል፦ «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ስመለስ እመልሳለሁ።» ይህችን መልስ ፕሮግራሙ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ በራሱ ላካት። ልጅቷም አምናዎት ጠበቀች።