የረሻድ ዕድሜ

አቃቂ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባዬ፣ ሚዛን

አባዬ፣ እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ? እኛ ደህና ነን። እማዬ "ዝናብ ላይ ቆሞ እንዳያሠለጥን ንገሪው" ብላኛለች፤ እንደማትሰማት እሷም ታውቃለች። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ሰቦቃ ነው፤ ነገ በአይሱዙው ወደ እናንተ ይነሳል። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። "ደህና ነኝ፣ ልምምድ ላይ ነኝ" እያልክ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ የኮሌጁን ቡድን ወሬ ልንገርህ። በአንተ ቦታ የገባው አሰልጣኝ ከሐዋሳ አራት ልጆች አመጣ። ኮሌጁ ቤት ተከራይቶላቸዋል፤ በየወሩም የኪስ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ የማይናገር ግን የለም። የሰፈር ልጆች ያው አንተ እንደተውካቸው ናቸው፤ ነጻ ትምህርትና ምሳ። ሁለት የወዳጅነት ጨዋታ አሸንፈን አንዱን አቻ ወጥተናል።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ሙህሲን ሻይ ቤት ገባሁ። ደጋፊው በሙሉ እዚያ ነበር፤ ክርክሩም ያው የተለመደው ነው።

"ኮሌጅ የገቡት ሊማሩ ነው" ይላሉ ጋሽ ጣሰው። "ደመወዝ የፈለገ ክለብ ይሂድ! እኛ ለባቡር ቡድን ስንጫወት የሚሰጠን አንድ ሳሙና ነበር።"

"ጋሼ፣ ሳሙናውን ይተዉትና" አለ ሙህሲን ብርጭቆ እያለቀለቀ፣ "ታክሲዎቹ ጀርባ ላይ የተለጠፈው የኮሌጁ ማስታወቂያ ላይ ያለው ፎቶ የማን ነው? የዲኑ ነው?"

"የተጫዋቾቹ ነዋ።"

"እና ተማሪ የሚጠራው ማነው፣ ዲኑ ናቸው ወይስ ፎቶው?"

"ታዲያ ለፎቶ ይከፈላል እንዴ?"

"ፎቶው አይበላማ፣ ልጁ ግን ይበላል!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ አንዱ ስምህን አንስቶ "በዛብህ ቢኖር እኮ ከሐዋሳ ሰው አንለምንም ነበር፣ ከዚሁ ያወጣ ነበር" አለ። ጋሽ ጣሰው ወዲያው ተቀበሉት፦ "ምን ያወጣል! የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ከወራቤ ጎትቶ አምጥቶ አይደል ከዋንጫ ጨዋታ ያስወጣን? ስንት ተቀብሎበት ይሆን!" እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለተቀመጥኩ አላዩኝም።

አባዬ፣ ይህን ወሬ ከግንቦት ጀምሮ እየሰማሁ ዝም ስል ከርሜያለሁ። የተጫዋቾቹን መመዝገቢያ ፎርም በኮምፒውተር የሞላሁት እኔ ነበርኩ፣ አንተ ከሥሩ ፈረምክ። ከወራቤ ያመጣኸው የረሻድ ዕድሜ አልፏል ተብሎ ቡድኑ ሲታገድ ግን "የሞላሁት እኔ ነኝ" ማለትህን ስሰማ፣ የእኔን ትተህ በእጅህ ሌላ የሞላህ መስሎኝ ነበር። ስጠይቅህም "ያለቀ ነገር ነው፣ ተይው" አልከኝ። ተውኩት። ደስ ብሎኝም እንደተውኩት አልደብቅህም።

ባለፈው ሳምንት የዘንድሮውን ምዝገባ እንድሠራ ስታዘዝ የአምናውን ፋይል አወጣሁ። ፎርሙ የእኔው ነው። የረሻድ መታወቂያ ላይ ጥር 12 ቀን 1998 ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር። ፎርሙ የሚጠይቀው በአውሮፓ ነው። 2006 ብዬ መጻፍ ሲገባኝ እንዳለ ገለበጥኩት፣ 1998። ኮምፒውተሩ ራሱ ቆጥሮ "ዕድሜ 27" አለ። ገደቡ ሃያ አምስት ነው፤ እኔ ልብ አላልኩም። የሌሎቹን ሃያ አንድ ልጆች ቀን በትክክል ቀይሬ የእሱን ብቻ ዘለልኩ። የውድድሩ ኮሚቴም ሲያጣራ መታወቂያውን ከፎርሙ ጋር አስተያየ፤ እዚያም 1998፣ እዚህም 1998፤ ገጠመ፣ አለቀ።

ከፋይሉ መጨረሻ የአንተ ቅጂ ነበር። 1998ን በእርሳስ ከብበህ ጎኑ ላይ 2006 ብለሃል። ቀንም ጽፈህበታል፣ ግንቦት 20። ይግባኝ የሚዘጋው ግንቦት 22 ነበር። እኔ ያኔ ኮሌጁ ከተቀጠርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም፣ ገና በሙከራ ላይ ነበርኩ።

ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለማንኛውም ሻይ ቤቱ ውስጥ ተነሳሁ። "ጋሽ ጣሰው፣ ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ረሻድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው" አልኳቸው።

"አንቺ ለአባትሽ ብለሽ ነው፤ አይፈረድብሽም።"

"የተወለደው በዘጠና ስምንት ነው። በእኛ ዘጠና ስምንት።"

በጣታቸው ቆጠሩ፤ ተሳሳቱና እንደገና ጀመሩ። "በዘጠና ስምንት እኔ ገና ባቡር ላይ ነበርኩ እኮ! ያኔ የተወለደ በምን ተአምር ሃያ ሰባት ይሞላዋል?"

"እሱን ነው የምልዎት።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ወር ምን ስንል ከረምን?"

"ማህተም አለበት ተባልን፣ አመንን" አለ ሙህሲን።

ጋሽ ጣሰው የሻዬን ሂሳብ ከፈሉልኝ። ይቅርታ አላሉም፤ ታውቃቸው የለ።

በማግስቱ ረሻድ ጋ ሄድኩ። ቡድኑ ሲታገድ የእሱ ነጻ ትምህርት ስለተሰረዘ አሁን ቂሊንጦ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ከሰርቪስ ሲወርድ ጠብቄ ስህተቴን ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። "እናቴ 'ዕድሜህን ዋሽተሃል ወይ?' ብላኝ ነበር" አለኝ። "የወለደችኝ እሷ፣ የጠየቀችኝም እሷ።" ሁለታችንም ሳቅን። "አሰልጣኝ ግን የጫማ ማሰሪያ መፈታቱን ከሜዳው ማዶ የሚያዩ ሰው ናቸው። ይሄን እንዴት አላዩትም?" አለኝ። በእርሳስ መክበብህን አልነገርኩትም። ወራቤ ድረስ ሄደህ፣ እናቱ ቤት ተቀምጠህ "ተምሮ ይመለስልሻል" ያልካት አንተ ነህ።

ትላንት ዲኑ ቢሮ ገባሁ። የቋሚነት ደብዳቤዬ ተፈርሞ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ደብዳቤውን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱትና "ይሄን ቆይተን እናየዋለን" አሉኝ። ቀጥለውም፦ "እኔ ላምንሽ እችላለሁ። ኮሚቴው ግን ልጅ አባቷን ለማዳን የፈጠረችው ነው ይላል። ሞላሁ ብሎ ቃሉን የሰጠው አባትሽ ነው። እሱ ራሱ በጽሑፍ ካላስተካከለ የማደርገው ነገር የለም። ካስተካከለ ልጁ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ትምህርቱ ይመለሳል።" አንተን ይመልሱህ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። መምጣት መፈለግህንም አላውቅም።

ለእኔ አታስብ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ዲግሪ አለኝ፣ እግርም አለኝ። ቂሊንጦ ሁለት ፋብሪካ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ አንዱ ለፈተና ጠርቶኛል። ማታ ማታ ደግሞ አንድ ትንሽ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው፤ ቀን ስታስገባ "በየትኛው አቆጣጠር?" ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። ለኮሌጆች፣ ለክሊኒኮች፣ ለማን አይጠቅምም? ሙህሲን "ስሙን ረሻድ በይው" ብሎኛል። ሥራ የሚጠፋብኝ ይመስልሃል? ይጥፋ ቢባል እንኳ ለጥቂት ወር ነው። ረሻድ ግን ይህ ዓመት ካለፈው ፋብሪካው ያስቀረዋል፤ አይቻለሁ ስንቱ እንደቀረ።

ከዚህ ጋር አንድ ገጽ ታገኛለህ። ስህተቴን በዝርዝር ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ከእኔ ፊርማ በታች "ፎርሙን የሞላችው ልጄ እምነት ናት፤ እኔ ሞላሁ ያልኩት እሷን ለመሸፈን ነው" የሚል አለ። ቃሉን ለማለስለስ አትሞክር፤ እኔም ሞክሬ ነበር፣ ሲለሰልስ ውሸት መሰለ። ሰቦቃ ማክሰኞ ጠዋት ይመለሳል። ሳይፈረም ብትሰጠው እንዳይቀበልህ ነግሬዋለሁ። ብትቀድደውም ሁለት ቅጂ አለኝ፤ አንዱን በሌላ መኪና እልካለሁ፣ ሁለተኛውን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።

የሚዛን ዝናብ ለጉልበትህ ይራራልህ። ልጆችህ ያሸንፉልህ፤ ቢሸነፉም ከሜዳ በሰላም ይግቡልህ። እማዬ እጅህን ትስማለች። እኔንም መርቀኝ፣ አባዬ፤ መጀመሪያ ግን ፈርም።

ልጅህ
እምነት በዛብህ