ልጅሽን ጨውሽ አልገደለውም

ለማከብርሽ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዝናቡ ከገባ ወዲህ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ወንዙ ዘንድሮ ከፍ ብሏል ሲሉ ሰማሁ፤ የጓሮው ደረጃ ያሙለጨልጫልና ብቻሽን አትውረጂ። እኔ ደህና ነኝ ልልሽ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀደድኩት። ደህና አይደለሁም።

ባለፈው የኪየት ሙት ዓመት፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሳህን እያጠብሽ የተናገርሽው ነገር ሰላም ነሳኝ። "ልጄን በገዛ ጭልፋዬ ነው የገደልኩት" አልሽ። ለሰውነት ግንባታ ውድድሩ ወደ ካን ቶ ከተማ ከመነሳታችን በፊት፣ ጨው በተከለከልንበት ሰሞን፣ "እማ፣ ምላሴ ሞተ፣ አንድ ጭልፋ ብቻ" ብሎ እንደ ሕፃን ለመነሽና ከዓሣ ሾርባሽ ቀመሰ። ልቡን ያቆመው ያ ጨው ነው ብለሽ ዘጠኝ ዓመት ይዘሽው ኖርሽ። ለካ ሾርባ መሸጡን የተውሽው ለዚህ ነው! እኔ ደክሟት ነው ብዬ ነበር።

እማዬ፣ ጨውሽ አይደለም። ሌላውን ሁሉ ባታነቢ እንኳ ይህን አንብቢ። ጨውሽ አይደለም።

ኪየት ከወደብ እጄን ይዞ ቤትሽ ሲያመጣኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አብረን የሩዝ ጆንያ እንሸከም ነበር፤ እኔ እናትም አባትም አልነበረኝም። "እትዬ ማለቱን ተውና እማዬ በለኝ፤ ይሄ ልጅ ታናሽ ወንድም ውለጂልኝ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነው የኖረው" አልሽኝ። ጋሼ ሊየም ሁለታችንንም ጂሙ አስገብቶ ማሠልጠን ሲጀምር በቀን አርባ እንቁላል ትቀቅዪልን ነበር። ነጩ ለእኛ፣ አስኳሉ ለሾርባሽ። ደንበኞችሽ "ሴትዮ፣ ዓሣ ነው ወይስ ዶሮ የምታበይን?" ሲሉሽ፣ "ልጆቼ ስማቸው ሲጠራ ትለምኑኛላችሁ" ትያቸው ነበር።

ስሙ የተጠራው እሱ ነው። ስድስት ዓመት በአንድ የክብደት ምድብ፣ በአንድ መድረክ ቆምን፤ ስድስቱንም ዓመት እሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ወገቡ እንደ ተርብ ቀጭን ሆኖ ጀርባውን ሲዘረጋው ዳኞቹ ብዕራቸውን ያስቀምጡ ነበር። የወደብ ልጆች እኔን ሲያዩ "ኧረ ሁለተኛው መጣ! አንተ እኮ በራስህ ሰርግም ሚዜ ነህ!" እያሉ ይስቁብኛል። ኪየት ይቆጣልኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? ከስድባቸው ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ሲቆጣልኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ካን ቶ ላይ አንደኛ የወጣው አገሩን ወክሎ ወደ ውጭ ይሄዳል ተባለ። አንድ ሰው ብቻ።

ቆዳችን ጡንቻው ላይ እንዲጣበቅ ከውድድሩ በፊት ውሃ እንደምንተው ታውቂያለሽ። ከንፈራችንን በእርጥብ ጥጥ ብቻ ነበር የምናርሰው። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ተወዳዳሪ በሰውነት የቀረውን ውሃ አሟጦ የሚያወጣ ኪኒን ነበረው። "ግማሿን ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ ልብ ያቆማል" ብሎ ሰጠኝ። ግማሿን ብቻ ማለቱን ለኪየት አልነገርኩትም። ሁለት ሙሉ ኪኒን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ጋሼ ሊየም ያውቃል?" አለኝ።

"እሱ ነው ያዘዘው" አልኩት። ጋሼ ሊየም ምንም አያውቅም ነበር።

"አንተስ?"

የራሴን ሁለት ኪኒን መዳፌ ላይ አሳየሁት። ሳቀ። "ሁለተኛው ካልፈራ አንደኛው ይፈራል እንዴ!" ብሎ በምራቁ ዋጠው። ያንን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀልዱን ነው፤ አውቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቀለም ተቀብተን ከመድረኩ ጀርባ ስንጠብቅ የኪየት ባት ተኮማተረ። ቀጥሎ ጭኑ፣ ቀጥሎ ሆዱ። "ወንድሜ፣ ልቤ ከመረብ እንደወጣ ዓሣ እየዘለለ ነው" አለኝ። ጋሼ ሊየም አዝሎት ሲሮጥ የእኔ ቁጥር ተጠራ። ወጣሁ። እማዬ፣ ትቼው ወጣሁ። ጀርባዬን ስዘረጋ የአምቡላንሱ ጩኸት ይሰማኝ ነበር። መድረክ ላይ ፈገግ ማለት ግድ ነው፤ ፈገግ አልኩ። ሜዳሊያው አንገቴ ላይ ሲገባ ልጅሽ ሞቶ ነበር።

አንቺ ግን ያንን ሜዳሊያ ከፎቶው ሥር ሰቀልሽው። "የሁለታችሁ ነው" አልሽ። የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ ወርቁን፣ ሁለት ጊዜ የእስያ ሻምፒዮን መሆኔን፣ ከተማው መግቢያ ላይ የተሰቀለውን ሥዕሌን። ሰው ሲያጨበጭብልኝ እኔ አምቡላንስ ነበር የምሰማው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ብረት አላነሳም። ክንዴ ሲሟሽሽ በመስተዋት አየዋለሁ፤ ደስም አይለኝ፣ አላዝንም። የሌላ ሰው ክንድ ይመስለኛል።

ትናንት ለጋሼ ሊየም የኪኒኑን ነገር ነገርኩት። "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ መታመሙን ሳላይለት ነው ልጁ የሞተው እያልኩ ራሴን ስረግም ኖርኩ" አለና ተነስቶ በሩን ከፈተልኝ። "ሁለተኛ እዚህ እንዳትረግጥ" አለኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ነገ ለፖሊስም እናገራለሁ። ከእነሱ በፊት ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ያንን ለመጠየቅ እንኳ አፍ የለኝም።

ለጋሼ ሊየምም ያልነገርኩት አንድ ነገር ቀርቷል። ኪየት በሞተ ቀን የሆስፒታሉ ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ክብደታችሁ አንድ፣ ምግባችሁ አንድ፣ የወሰዳችሁትም አንድ ከሆነ፣ እሱ ሲሞት አንተ እግርህን እንኳ ሳያምህ እንዴት ቆምክ?" ብሎ ጠየቀኝ። "እኛ ኪኒን የሚባል አልወሰድንም፤ የሰው አካል ደግሞ ይለያያል" አልኩት። አመነኝ። አንቺ ግን ይህን ስታነቢ እሱ የጠየቀኝን መልሰሽ መጠየቅሽ አይቀርም፤ የእኔ ሁለት ኪኒኖች ከመዳፌ ወደ ኪሴ ነው የተመለሱት። አንቺ ልጅ ሲዋሽ ከዓይኑ ታውቂያለሽ። መጥቼ መናገር ሲገባኝ የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው።

ሰማይ ቀሪ ዘመንሽን ያቅልልልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ደጅሽን የሚያንኳኳ ደግ ሰው አይጥፋ። ለሙት ዓመቱ አትጠብቂኝ።

ያልወለድሽው ልጅሽ