ጎተራው ደጃፍ ላይ ለወደቁት አባቴ

አባባዬ፣ እግዚአብሔር ነፍስዎን በአብርሃም ጎን ያኑርልኝ። ከተለያየን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንደዚያው ነው፤ ቤቱ ግን ተለውጧል። የተከሏቸው ማንጎዎች አፍርተዋል። እንግዳ ይቀበሉበት የነበረው አዳራሽ የሠራተኞች ማደሪያ ሆኗል፤ የአያቴ ጎራዴ ይሰቀልበት በነበረው ችንካር ላይ ዛሬ የእነሱ ጋቢ ይንጠለጠላል። ጥይት የበሳውን የጎተራ በር ግን እንዲጠግኑት አልፈቀድኩም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን የተበተነው ጦር በደሴ መንገድ ሲወርድ ትዝ ይልዎታል? እግሩ የቆሰለው፣ ክንዱ የተቆረጠው፣ ጫማውን ሸጦ የበላው ወታደር በየጥላው ወድቆ ነበር። ከተማው በሩን ዘጋ፤ እርስዎ ከፈቱ። እኔ ተቆጣሁ። እነሱን የመሰሉ ወታደሮች ወንድሜን ከዚሁ ቤት አውጥተው ደጃችን ላይ ረሽነውታል፤ ሬሳውን እንዳናነሳም ከልክለውን ውለዋል። እርስዎንም የባላባት ዘር ብለው ጥርስዎ እስኪረግፍ ገርፈውዎታል። ይህን ሁሉ እየዘረዘርኩ ስጮኽብዎ ቀና እንኳ ሳይሉ እንጀራውን እየቆረሱ ማደልዎን ቀጠሉ።

ትንሽ ሲያገግሙ ሥራ ሰጧቸው። ከገበሬ ማኅበሩ በደረሰዎት መሬት ላይ ከሮቢ ወንዝ ቦይ አስቆፍረው ሽንኩርትና ማሽላ አዘሩ፤ ምርቱንም ከእነሱ ጋር ተካፈሉ። ሥራ ያጣው የከተማው ወጣት መጣ፤ ባል የሞተባቸው የቆላ እስላም ሴቶችም መጡ። ለበዓል ሁለት በሬ ይጣል ነበር፤ አንዱን ጎረቤታችን ሐጂ እንድሪስ ያርዱታል። ሰዉ ፊታውራሪ እያለ ሲጠራዎት፣ እርስዎ ሱሪዎን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ከእነሱ ጋር ቆመው ነበር።

ያን ቀን ማሽላው ተወቅቶ ገብቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው የመጡት፤ ከጦርነቱ የተረፈ መሣሪያ ይዘው መንገድ የሚዘርፉ ሽፍቶች። ዘበኛውን በሳንጃ ሆዱን ወጉት። እርስዎ ጎተራው ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«እህሉ የእኔ አይደለም፤ የሠራተኞቹ ነው» አሏቸው። «ከራባችሁ ግቡና ብሉ።»

አንደኛው በሰደፍ ፊትዎን መታዎት። ወደቁ። ደምዎን በነጠላዎ ጠርገው ተነሡና እዚያው ቆሙ። ያኔ ተኮሰ። ጥይቱ አንገትዎን በስቶ በሩን በሳው። ከቤት ሮጬ ደርሼ ቁስሉን በመዳፌ ብጫነው ደምዎ በጣቶቼ መሃል እየገነፈለ ወጣ፤ ጭኔ ላይ አለፉ።

ተኩሱን የሰሙት ሠራተኞች አካፋና ማጭድ እንደያዙ ከማሳው ደረሱ። አንዱን ሽፍታ በአካፋ ጭንቅላቱን ፈልጠው ጣሉት። ከእኛም ሁለት ሰው በጥይት ወደቀ። የቀሩት ሸሹ፤ የተኮሰብዎትን ግን አሥር አለቃ ሙላቱ ያዘው፤ ያ ክንደ ቆራጣው ወታደር። በአንድ እጁ አንቆ ሾላው ሥር ጎተተው። ፊቱ እስኪጠፋ ድረስ ደበደቡት። ገመዱን አንገቱ ላይ ካጠለቁ በኋላ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እንዲሰቅሉት ፈልጌ ነበር፣ አባባ። በጥርሴ ብቦጫጭቀው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እነዚያን ደም የለበሱ ሰዎች አየኋቸው።

«ብትሰቅሉት ነገ ሁላችሁም ትታሰራላችሁ» አልኳቸው። «ይህን ማሳ ማን ያጠጣዋል? ለሕግ እንስጠው።»

አሥር አለቃ ገመዱን ወርውሮ መሬቱን በቡጢ እየደበደበ አለቀሰ። ስንቀብርዎ ሐጂ እንድሪስ ሰዎቻቸውን ይዘው አስከሬንዎን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ተሸከሙ። ገዳይዎ ተፈርዶበት እስር ቤት ነው።

አሁን የምጽፍልዎት በሌላ ምክንያት ነው። ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴት ከአሊዩ አምባ በእግሯ መጥታ ደጃችን ላይ ቆመች። ቆዳዋ ካጥንቷ ተጣብቋል። ሥራ ለመነች። ከየት ወገን እንደሆነች ስጠይቃት አልደበቀችም።

«ፊታውራሪን የገደለው ልጄ ነው» አለችኝ። «ሌላ ጧሪ የለኝም። እዚህ ቤት የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም ሲሉ ሰማሁ።»

አሥር አለቃ ማጭዱን አነሣ። እኔም በሩን ልዘጋባት ይዤው ነበር። ዓይኔ ግን ጥይት የበሳው የጎተራ በር ላይ አረፈ። ከዚያ አሥር አለቃን ዞር እንዲል ነገርኩትና ግቢ አልኳት።

ይቅር አልኩ ብዬ አልዋሽዎትም። ምሳ ስትበላ ፊቷን ላለማየት ጀርባዬን እሰጣታለሁ። አሥር አለቃም ከእሷ ጋር አንድ ማዕድ አይቀርብም። ሥራዋ ግን ጥሩ ነው።

አባባዬ፣ እስካለሁ ድረስ አልረሳዎትም፤ አኗኗርዎንም፣ አሟሟትዎንም። ለሚመጣው ሁሉ እነግረዋለሁ። ነገ ሽንኩርት መንቀል እንጀምራለን። እሷም ከእኛ ጋር ማሳ ትወርዳለች።

ልጅዎ